ያገለገለ የስፖርት ሞተር፦ ለድምፁ እንክፈል ወይስ ለጎማው?

እቁብ የደረሰኝ ሐሙስ ዕለት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሳሪስ አካባቢ በቆርቆሮ በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ቀይና ጥቁር ሆንዳ ዙሪያ ከአንድ ደላላ ጋር ስዞር ነበር። ገንዘብ ኪስ ሲገባ እግር እንደሚፈጥን የዚህ ገጽ ደንበኞች ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሞተሯ በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራች ሲቢአር 600 ኤፍ 4 አይ ናት። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 599 ሲሲ፣ በፋብሪካው ስሌት 110 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያላት፣ ከካርቡራቶር ወደ ኢንጀክሽን ከተሸጋገሩት የዚህ ዘር ሞተሮች አንዷ ናት። «ወንድሜ፣ ይቺ የኤምባሲ ሰው የነዳት ናት። እሁድ እሁድ ደብረ ዘይት ደርሳ ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም» አለኝ ደላላው፤ ቁልፉንም አዞረ። በፋብሪካው ማርሚታ ፋንታ የተገጠመላት አጭር የካርቦን ማርሚታ ሲጮህ፣ ጥግ ላይ ተኝቶ የነበረው የግቢው ውሻ ተነሥቶ ሄደ። የእኔ ልብ ግን ሸፈተ።

«ማርሚታዋን ብቻ ለብቻው ብትገዛው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? መሪዋን የሚያረጋጋው ይኼ ወርቃማ ዕቃ ራሱ አለ፤ የፍሬን እጀታዋ ተቀይሯል፤ መብራቷ ተቀይሯል። ይኼ ሁሉ በነፃ ነው የሚሰጥህ» ሲል አከለ። ቀብድ ለመጣል እጄ ወደ ኪሴ መሄድ ጀምሮ ነበር። ያዳነኝ ብልጠት አልነበረም። ሞተር የሚያውቅ ሰው ሳላሳይ እንዳልከፍል ለእናቴ የገባሁት ቃል ነው።

የብር ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። አንደኛ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ሁለተኛ ይህን ጽሑፍ ይዞ የሚደራደር ሻጭ እንዳይፈጠር ነው። ስለዚህ ደላላው መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ 100 ብለን እንያዝና ሌላውን ሁሉ በእሱ እንለካ። ነጋዴ ለሆነ አንባቢ ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ባዳ አይደለም።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼ የረሳሁት አንድ ጽሑፍ ነበር። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ያገለገለ መኪና ገበያ ለምን ይበላሻል? አሜሪካኖች የማይረባ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። መኪናው ሎሚ ይሁን አይሁን ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ አማካይ ነው። አማካይ ዋጋ ሲሰጠው ደህናውን መኪና የያዘው ሰው «በዚህስ ከምሸጠው እኔው ልንዳው» ብሎ ከገበያ ይወጣል። የሚቀረው ሎሚው ነው። አከርሎፍ ከሁለት የሙያ ባልደረቦቹ ከስፔንስና ከስቲግሊትዝ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሻጭና ገዢ እኩል መረጃ ስለሌላቸው ገበያዎች ባደረጉት ምርምር ነው።

የስፖርት ሞተር ከመኪና ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። መኪና ሰው ይዞ ለመሄድ ይገዛል፤ ይህ ዓይነቱ ሞተር ግን በአብዛኛው ለደስታ ነው የሚገዛው። ለደስታ የተገዛ ነገር ደግሞ እስከ አንገቱ ድረስ ይነዳል። ወድቆ ተነሥቶ፣ ፕላስቲኩ ተቀይሮ፣ ተቀብቶ በሰባት ቀን ውስጥ «የኤምባሲ ሰው የነዳት» ሊባል ይችላል። ጭማሪ ዕቃዎቹም ሌላ ነገር ይናገራሉ። አጭር ማርሚታ የገጠመ ሰው ድምፁን ለመስማት ጋዝ የሚረግጥ ሰው ነው። ደላላው እንደ ጉርሻ የቆጠራቸው ዕቃዎች ለሚያስተውል ገዢ የቀድሞውን ባለቤት ጠባይ የሚያሳዩ ምስክሮች ናቸው።

ደላላን ለመውቀስ አይደለም። ደላላ ባይኖር ያቺን ሞተር ሳሪስ ውስጥ ማን ያገኛት ነበር? ኮሚሽኑ ግን የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ ሞተሯ ዓመት ስትቆይ አይደለም። እሱም ይህን አይደብቅም። «እኔ አገናኛለሁ፣ ዐይን ያለህ አንተ ነህ» ብሎኛል፤ ይህች ቃል በኋላ ትዝ ብላኛለች።

ቀዝቃዛ ሞተርና ጨርቅ የያዙ ሰው

ማክሰኞ ከሰዓት ሶማሌ ተራ አቅራቢያ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ተመለስኩ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የያዙት ባትሪ መብራት፣ ቮልት መለኪያና አሮጌ ጨርቅ ብቻ ነበር። ጋሼ ከምንም ነገር በፊት እጃቸውን በሞተሩ ጎን ላይ አሳረፉ። ሞቅ ብሎአል።

«ልጄ፣ ከመምጣታችን በፊት አስነሥተውታል። ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚያወጣውን ድምፅ እንዳንሰማ ነው። እንጠብቃለን» አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ደላላው ሻይ አስመጣልን፤ ፊቱ ግን ሻይ የሚጋብዝ ሰው ፊት አልነበረም።

የጠበቅንበትን ጊዜ ጋሼ በከንቱ አላሳለፉትም። መጀመሪያ ያዩት የእጀታዎቹንና የእግር መርገጫዎቹን ጫፍ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የተፋቀ ጫፍ ካለ ሞተሯ በዚያ በኩል ተኝታ ነበር ማለት ነው። የሳሪሷ ሞተር እጀታዎች አዲስ ናቸው፤ «ተቀይሯል» ተብሎ እንደ በጎ ነገር የተነገረን መሆኑን ያስታውሷል። የቀኝ እግር መርገጫው ግን አሮጌ ነበር፤ ጫፉም ተሞርዷል። ቀጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞሩና መሪው የሚቆምበትን የብረት ጉብታ ተመለከቱ። ሞተር ከባድ ግጭት ሲደርስበት እዚያ ጉብታ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ቀለም የሚቀባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አያይም። እዚህ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ወድቃለች፣ አልተላተመችም። ይህም አንድ ነገር ነው።

ከዚያ ጨርቁ መጣ። ጋሼ የፊት አሞርዛተሩን የሚያብረቀርቅ ቱቦ ጠረጉ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሙሉ ክብደታቸው አራት ጊዜ ጫኑና ለቀቁ፤ እንደገና ጠረጉ። ጨርቁ ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት ታተመ። ጎሚኒው አልቋል። ዘይቱ ቁልቁል ወርዶ ፍሬኑን ሲያረጥብ ሞተሩ እንደማይቆም ነገሩኝ፤ ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም።

ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርሳም ክብ ላይ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳቡት፤ ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ተለየ። አልቋል። የፍሬኑ ዲስክ ላይ ፋብሪካው ራሱ መውረድ የሌለበትን ውፍረት በቁጥር ቀርጾ ስለሚያወጣው ለመለካት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ የእኛው ከወሰኑ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ሸራው ግን ጥፍር ያህል ብቻ ቀርቶታል።

ጎማው ግን የሁሉ ቁንጮ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ እኔ ብቻዬን ብሆን «አዲስ ጎማ አላት» ብዬ እጽፍ ነበር። በጎማ ጎን ላይ ከዲ.ኦ.ቲ. ምልክት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። «2311» የሚል ቢሆን በ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። የእኛዋ ሞተር ፊትና ኋላ ጎማዎች ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ብዙ የጎማ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ዐሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ከመንገድ እንዲወጣ ይመክራሉ። ጎማ ቆሞ ሲኖር አያልቅም፤ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ያው ጎማ ይመስላል። ክረምት ላይ ነው የሚታወቀው። አንድ የቅርብ ወዳጄ በእንዲህ ያለ «አዲስ» ጎማ በ2014 ነሐሴ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ወድቆ እግሩ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። ዛሬም ደረጃ ሲወጣ ይታወቅበታል።

በመጨረሻ ሞተሯ ቀዘቀዘችና ተነሣች። ከጩኸቱ ሥር፣ ከቀኝ በኩል፣ እንደ ሳንቲም ጣሳ የሚንኳኳ ድምፅ አለ። ይህ የካምሻፍቱን ሰንሰለት ወጥሮ የሚይዘው ዕቃ ሲደክም የሚሰማ ድምፅ ሲሆን በዚህ ዓይነቱ ሞተር ላይ በስፋት የታወቀ ደካማ ጎን ነው። ዕቃው ሲቀየር ይጠፋል፤ ሳይቀየር ሲቆይ ግን ጥፋቱ ወደ ቴስታታው ይዘልቃል። አሁን ነገሩ ገባኝ፤ ማርሚታው ጉልበት ይጨምር አይጨምር እንጃ፣ ይህን ድምፅ ግን አሳምሮ ሸፍኖታል። ባትሪው ላይ የተደረገው መለኪያ 14 ቮልት አሳየ። ሞተሩ በ5,000 ዙር ሲሮጥ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆን ስላለበት ጤነኛ ነው። ጋሼ ይህንንም ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ ጥፋት ብቻ የሚለቅም መካኒክም አይታመንም።

ወረቀቱ

በዚህ አልቆይም፤ አብዛኛው አንባቢ መኪና ገዝቶ ስለሚያውቅ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በመሪው አንገት ላይ ከተመታው ጋር በዐይን መመሳከር አለበት፤ በፎቶ ኮፒ አይሆንም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ሞተሮች ላይ ከ17ቱ አኃዞችና ፊደሎች ዐሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ስለሚያመለክት፣ «2006 ናት» የተባለች ሞተር በሦስት ዓመት ወጣትነት ተጨምሮላት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በውክልና ላይ ውክልና እየተደረበ ስም ሳይዛወር ሦስትና አራት እጅ ያለፈ ሞተር ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሽያጩ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት እስኪጸና ድረስ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከእጅ መውጣት የለበትም።

አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ሌላም ነገር አለ። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ እንዲንቀሳቀሱ አድርጎ እንደነበር ይታወሳል። በዚያ ጊዜ ሞተሩን በግማሽ ዋጋ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ የሚገዙት ሰሌዳ ዛሬ በየትኛው መንገድ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሄድ ከመንገድና ትራንስፖርት ሰዎች አንደበት ሳይሰሙ ዋጋ መጥራት ቁጥር በጨለማ መጻፍ ነው።

ቀብድን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ድንጋጌ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቅዳሜ ዕለት እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ የነበረው ይህን ሳያስብ ነበር።

ማሻሻያው ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ገዢ ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት ማሻሻያ ማሰብ ይጀምራል። እኔም ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ባሉት ሦስት ሌሊቶች እንቅልፍ ያጣሁት ስለ ጎማ እያሰብኩ አልነበረም፤ ስለ አየር ማጣሪያ፣ ስለ ማርሚታና ስለ ፈረስ ጉልበት ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው የሚተነፍሰውን ያህል ነው። ስለዚህ በፋብሪካ ወረቀት 110 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር መስቀል አደባባይ ላይ የቀራት 85 አካባቢ ነው። ይህን የወሰደው ሌባ አይደለም፤ ተራራው ነው። ወደ አዋሽ ሲወርዱ ብዙውን ይመልስልዎታል።

ውድ ማርሚታ ስንት ይመልሳል? በዚህ ደረጃ ባለ ሞተር ላይ ጥሩ ማርሚታ የሚጨምረው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያውም ዙሩ ከ10,000 በላይ ሲወጣ። ቦሌ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ 10,000 ዙር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው ማርሚታ ሳይሆን ጠበቃ ነው። ከዚህም በላይ የጭስ መውጫው ሲከፈት የነዳጁ መጠን አብሮ ካልተስተካከለ ሞተሩ በመሐከለኛው ዙር ይደናቀፋል። ኢንጀክሽን ያላት ሞተር የአየሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስላላት ከፍታውን በራሷ ታስተካክላለች፤ ይህን የፋብሪካ ሚዛን ነው በገዛ ገንዘባችን የምናፈርሰው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ባለ ካርቡራቶሮቹ ታላላቆቿ ይህ ችሎታ የላቸውም፤ ለባሕር ዳርቻ እንደተስተካከሉ እዚህ ሲነዱ ነዳጅ ይበዛባቸዋል፣ ካንዴላ ያጠቁራሉ። ለእነሱ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቁራጭ በጠባቡ መቀየር ማሻሻያ ሳይሆን ሕክምና ነው።

ጋሼ ስለ ጉልበት ስጠይቃቸው ሳቁ። «ፊት ለፊት ያለውን ትንሹን ጥርሳም ክብ በአንድ ጥርስ አሳንሰው» አሉኝ። ነገሩ ሒሳብ ነው። ባለ 16 ጥርሱን በባለ 15 መተካት ሞተሩ ጎማውን የሚገፋበትን ኃይል 6.7 ከመቶ ያህል ያሳድገዋል፤ ከፍተኛው ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማንም እዚህ ከተማ በዚያ ፍጥነት ስለማይሄድ የሚጎድል ነገር የለም። ወጪው የማርሚታውን ሩብ እንኳ አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት፦ ፍጥነት መቁጠሪያው ከካምቢዮው የሚያነብ ሞተር ላይ ከዚያ በኋላ ትንሽ አጋንኖ ያወራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመሸጫ ዋጋ ነው። በኪራይ ሱቅ ውስጥ ጂፕሰም አሠርቶ የወጣ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ያወጣው ገንዘብ ለእሱ ገንዘብ ነው፤ ለሚተካው ሰው ግን ማፍረሻ ወጪ ሊሆን ይችላል። ሞተርም እንዲሁ ነው። የሳሪሱ ሻጭ ማርሚታውን ዋጋ ውስጥ ከትቶታል፤ እኔ ደግሞ የፋብሪካውን ማርሚታ ከየት እንደማገኝ እያሰብኩ ከዋጋው እቀንሳለሁ። አንዱ ደምሮ አንዱ ቀንሶ የሚደራደሩበት ዕቃ እንደ ሀብት አይቆጠርም። በተቃራኒው አዲስ ጎማ፣ አዲስ ሰንሰለት፣ የተቀየረ የፍሬን ዘይትና የተጻፈ የሰርቪስ መዝገብ ማንም ገዢ ከዋጋ ላይ ሊቀንሳቸው አይችልም።

ሦስተኛው ዶላሩ ነው። ሞተሯ የገባችው ዱሮ ነው፤ ዋጋዋም በብር ተደራድሮ የሚያልቅ ነው። መለዋወጫዋ ግን ገና ሊገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። የዚህ ዘር ሞተር የኋላ ጎማ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 17 ኢንች ቸርኬ ነው፤ እንደ ባጃጅና እንደ አፓቼ ጎማ በየሱቁ ተሰቅሎ አይጠብቅም። የፍሬን ሸራና ሰንሰለት ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ ሊመጣ ይችላል፤ ጎማ ግን ሻንጣ አይገባም። ስለዚህ ርካሽ ሞተር ገዝቶ ዕቃ ማሟላት ማለት የብር ዕቃ በቅናሽ ገዝቶ የዶላር ዕዳ መግባት ነው።

ሁለተኛዋ ሞተር

ከሳሪስ ስንመለስ ጋሼ ሌላ ሞተር እንዳለች ነገሩኝ። ገርጂ፣ መድኃኒት መደብር ያላቸው አንድ አባት ግቢ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍና። ያው ዓይነት ሆንዳ ናት፤ 2005 እ.ኤ.አ.፣ ግራጫ፣ ምንም ያልተጨመረባት፣ ግራ ጎኗ ላይ ጭረት ያለባት። ሰውየው ጭረቱን ራሳቸው ጠቆሙን፦ «እዚሁ በር ላይ ቆማ ነው የወደቀችው። መቆሚያዋን በደንብ አላወረድኩትም ነበር።» የሚሸጡት የእጅ አንጓቸውን ስለሚያማቸው ነው። እሷም ላይ እጃችንን አሳረፍን፤ ቀዝቃዛ ነበረች። ስትነሣ ድምፅዋ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ልቤ አልሸፈተም።

ሰውየው ከቤት የተማሪ ደብተር ይዘው ወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የካምሻፍት ሰንሰለት መወጠሪያው የተቀየረበት ወር፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። የጠሩት ዋጋ ግን 118 ነው። «ልጄ፣ ሌላ ቦታ በ100 እንደምታገኝ አውቃለሁ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። አከርሎፍ ከገበያ ይወጣል ያለው ሻጭ ይህ ነው። ዋጋ ስላጣ እንጂ ሞተር ስለሌለው አይደለም። በጋራዥ ሰው በኩል ካልሆነ አይገኝም።

ያን ሌሊት ወረቀት ላይ ተቀመጥኩ። የሳሪሷ ከ100 ወደ 95 ወርዳለች። ሁለት ጎማ 9፣ ሰንሰለትና ጥርሳም ክቦች 6፣ የአሞርዛተር ጎሚኒና ዘይት 3፣ የካምሻፍት ሰንሰለት መወጠሪያ 3፣ የፍሬን ሥራ 4፤ ድምር 25። የፋብሪካ ማርሚታ ፈልጎ መመለስና ተያያዥ ሥራ 4። በጠቅላላው 124፣ ከደላላው ሁለት ከመቶ ጋር 126 ያህል። የገርጂዋ በሽምግልና 112 ላይ ተስማማን፤ የኋላ ጎማዋ ጊዜው ስለደረሰ 5፣ ዘይትና ጥቃቅን 1፤ 118። «ርካሿ» ሞተር በ8 ትበልጣለች፤ ይህ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የምትቆምበትን ሳምንታት ሳይጨምር ነው።

ያችን 8 በእጄ ይዤ ነው ስለ ማሻሻያ እንደገና ያሰብኩት። ከ8ቱ ግማሹ ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለጃኬት ሄደ። በዚህ ላይ ክርክር አላነሣም፤ ብዙ ጥናቶችን ያገናዘበው የኮክሬን ግምገማ በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል 42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን 69 ከመቶ ይቀንሳል። የቀረው በብረት ሽቦ ለተጠለፈ የፍሬን ቱቦ፣ ሞተሩ ሲተኛ ጎኑን የሚያድን ተራ የፕላስቲክ መከላከያና ለባለ 15 ጥርሱ ክብ ነው። የአሞርዛተሩን ሞላ በክብደቴ ልክ ጋሼ በነፃ አስተካከሉልኝ፤ ስቀመጥባት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር እንድትወርድ አድርገው። ከከፈልኩባቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

ጥቂት ገንዘብ ደግሞ ለሥልጠና አስቀምጫለሁ። በሎስ አንጀለስ ሃሪ ኸርት የተባሉ ተመራማሪ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን መርምረው በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 ከመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በተጋጩባት ሞተር ላይ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። እኔን ያስተማረኝ የአጎቴ ልጅ ነው።

የሳሪሱ ደላላ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ቀይና ጥቁሯ ሞተር ተሸጣለች። ገዢው አንድ ወጣት ነው፤ አስነሥቶ ሰማትና 100ውን ሳይከራከር ከፈለ። ደላላው የደወለው ሊያላግጥብኝ አልነበረም፤ ጋሼን ለሌላ ደንበኛ ሊያገናኝ ቁጥራቸውን ፈልጎ ነው። ሰጠሁት። የእኔዋ ግራጫ ሞተር የኋላ ጎማዋን እየጠበቀች ግቢ ውስጥ በብርድ ልብስ ተሸፍና ቆማለች፤ ብርድ ልብሱን ከነሞተሯ የሰጡኝ ሰውየው ናቸው።